በአንድ ገንዳ ውስጥ፦ የአክሶሎትል የእርባታ ታሪክና የአብሮ መኖር ዋጋው



የዛሬው ገለጻ ከአንድ ስንዝር ጥቂት ስለሚረዝም የውኃ እንስሳ ነው። አክሶሎትል ይባላል። የሳላማንደር ወገን ነው። ሳላማንደሮች ከሰሐራ በስተደቡብ ባለው የአፍሪካ ምድር በተፈጥሮ ስለማይገኙ፣ በቋንቋችን የኖረ ስም የላቸውም። ቅርጹን በዓይነ ኅሊና ለማየት የሚፈልግ ሰው፣ እንሽላሊት የመሰለ አካል፣ እንደ ዓሣ ክንፍ የተዘረጋ ጅራት፣ ከአንገቱ ግራና ቀኝ እንደ ላባ የተንዘረፈፉ ስድስት ስንጥቦች፣ ሽፋሽፍት የሌላቸው ትንንሽ ዓይኖች ያሉትን ፍጥረት ያስብ።

ይህን እንስሳ በቤታቸው የሚያኖሩ ሰዎች በየአገሩ አሉ። ሁሉም ከሚያነሡት ጥያቄ አንዱ «ከአንድ በላይ አክሶሎትል በአንድ ገንዳ ማኖር ይቻላልን?» የሚል ነው። ጥያቄው የአርቢዎች ብቻ ይመስላል፤ ነገር ግን የታሪክም ጥያቄ ነው። አክሶሎትል በሰው እጅ በገንዳ ውስጥ መኖር ከጀመረ ከ160 ዓመት በላይ ሆኖታል። በቤተ ሙከራ ራሱን እየተካ ከዘለቁት እንስሳት ሁሉ ቀደምቱ እርሱ ነው ይባላል። የዚህ ረጅም ታሪክ አብዛኛው ክፍል አብሮ የመኖር ታሪክ ነው። ብዙዎቹ በአንድ ውኃ ተቀመጡ፤ በአንድ ውኃ ተነካከሱ፤ በአንድ ውኃ ተዋለዱ። እኔም ዛሬ ላሳይ የምሻው፣ ይህ አብሮነት የሰው ፍላጎት እንጂ የእንስሳው ፍላጎት እንዳልነበረ፣ ዋጋውም በሁለት መልክ፣ በንክሻና በዘር፣ እንደተከፈለ ነው። በገለጻዬ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከሐይቁ

የአክሶሎትል አገር በሜክሲኮ ሸለቆ የነበሩት የሾቺሚልኮና የቻልኮ ሐይቆች ናቸው። በዓለም ላይ ሌላ የትውልድ ስፍራ የለውም። በሐይቁ ዳር የኖሩት ሕዝቦች ከጥልቀት የለሹ ውኃ ላይ ጭቃና የውኃ ሣር እየከመሩ ቺናምፓ የሚባሉ የእርሻ ደሴቶችን ሠሩ። አክሶሎትልም በደሴቶቹ መካከል ባሉት ቦዮች ይኖር ነበር፤ ሰዎቹም ይበሉት ነበር።

ስሙን የሰጡት የናዋትል ቋንቋ ተናጋሪዎች ናቸው። «አትል» ውኃ ማለት ሲሆን «ሾሎትል» የአንድ አምላካቸው ስም ነው። በአሥራ ስድስተኛው መቶ ዘመን የፍራንሲስካን መነኩሴው በርናርዲኖ ደ ሳሃጉን ከአገሬው ሽማግሌዎች በመዘገበው ተረት መሠረት፣ ፀሐይ እንድትንቀሳቀስ አማልክቱ ሁሉ ራሳቸውን ለመሥዋዕት ሲያቀርቡ ሾሎትል ሞትን ፈርቶ ሸሸ። መጀመሪያ ድርብ በቆሎ ሆነ፤ ቀጥሎ ድርብ የቃጫ ተክል ሆነ፤ በመጨረሻም ውኃ ውስጥ ገብቶ አክሶሎትል ሆነ። በዚያም ተይዞ ተገደለ። ከመያዝ የሸሸው አምላክ ስም ዛሬ በሰው ለተያዘ እንስሳ መጠሪያ መሆኑ የታሪክ ምፀት ነው።

በተፈጥሮ ኑሮው አክሶሎትል መንጋ የለውም። እናቲቱ እንቁላሎቿን በውኃ ተክል ላይ አንድ በአንድ እየለጠፈች ትሄዳለች፤ አትጠብቃቸውም፤ የተፈለፈሉትንም አታሳድግም። እንስሳው የሚያድነው ከዓይኑ ይልቅ በማሽተትና የውኃውን ንቅናቄ በቆዳው በማወቅ ነው። በአፉ አጠገብ አንዳች ነገር ሲንቀሳቀስ አፉን በድንገት ይከፍትና ከውኃው ጋር ወደ ውስጥ ይስበዋል። ያ የተንቀሳቀሰው ነገር ትል ይሁን የወንድሙ እግር፣ ከመሳቡ በፊት አይለይም። በሰፊ ሐይቅ ውስጥ ይህ ጠባይ ብዙ አይጎዳም፤ የተነከሰው ይሸሻል። በገንዳ ውስጥ ግን መሸሻ የለም።

ወደ ፓሪስ

አክሶሎትል ለአውሮፓ ሊቃውንት እንቆቅልሽ ሆኖ የቀረበው በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይ ነው። አሌክሳንደር ፎን ሁምቦልት ከአሜሪካ ጉዞው ሲመለስ የደረቁ ሳይሆኑ በፈሳሽ ተጠብቀው የቆዩ አክሶሎትሎችን ወደ ፓሪስ አመጣ። ስመ ጥሩው ጆርጅ ኩቪየ መረመራቸውና፣ ይህ ያልጎለመሰ የሳላማንደር እጭ መሆን አለበት ሲል ገመተ። እንቁራሪት በልጅነቷ በስንጥብ ተንፍሳ ጎልምሳ ወደ ምድር እንደምትወጣ ሁሉ፣ ይህም አንድ ቀን ስንጥቡን ጥሎ ይወጣል ማለቱ ነበር። የጎለመሰውን ግን ያየ አልነበረም።

የመጀመሪያዎቹ ሕያዋን አክሶሎትሎች ፓሪስ የደረሱት የናፖሊዮን ሦስተኛ ጦር ሜክሲኮን በወረረበት ጊዜ ነው። በአገራችን የአፄ ቴዎድሮስ ዘመን መሆኑ ነው። የባዕድ አገር እንስሳትን ከፈረንሳይ አየር ጋር ለማላመድ ወደተቋቋመው የአትክልትና የእንስሳት ስፍራ 34 አክሶሎትሎች ተላኩ። ከእነዚህም ስድስቱ በጥር 1864 በተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ተሳቢና ተራማጅ እንስሳትን ለሚያጠናው ለኦጉስት ዱሜሪል ተሰጡ። አምስቱ ወንዶች፣ አንዷ ሴት ነበሩ። ከወንዶቹም አንዱ ቆዳው ነጭ፣ ዓይኑ ጥቁር ነበር።

እንግዲህ ዛሬ የምንጠይቀው ጥያቄ የተጀመረው በዚያ ገንዳ ነው። አምስት ወንድና አንዲት ሴት በአንድ ውኃ መቀመጣቸው በእንስሳው ጠባይ ላይ የተመሠረተ አሳብ አልነበረም። ከባሕር ማዶ የመጣው ይኸው ስለነበረ ነው።

በ1865 መጀመሪያ ሴቷ እንቁላል ጣለች። ዱሜሪልም ተደነቀ፤ እጭ ነው የተባለው እንስሳ ወለደ ማለት ነውና። በዚያው ዓመት መጸው ላይ ደግሞ ከልጆቹ አንዳንዶቹ ስንጥባቸው ተኮማትሮ፣ የጅራታቸው ክንፍ ጠፍቶ፣ ቆዳቸው ቢጫ ነጠብጣብ አውጥቶ ወደ የብስ ሳላማንደር ተለወጡ። ወላጆቹ ግን በዚያው በውኃ መልካቸው ቀሩ። የኩቪየ ግምት ትክክል ሆነ፤ ነገር ግን ማንም ባልጠበቀው መንገድ። አክሶሎትል ልጅነቱን ሳይተው የሚጎለምስ እንስሳ ነው።

ይህ ግኝት አክሶሎትልን በአውሮፓ ቤተ ሙከራዎች ተፈላጊ አደረገው። ዱሜሪል እንቁላልና ግልገል ለሚጠይቁት ሊቃውንት በልግስና ያድል ነበር። በፍራይቡርግ ማሪ ፎን ሾቪን የምትባል ተመራማሪ በኦጉስት ቫይስማን ጠያቂነት ውኃውን በትዕግሥት እያሳነሰች አክሶሎትሎችን ወደ የብስ መልክ እንዲለወጡ አደረገች፤ ውጤቱም በ1870ዎቹ አጋማሽ ታተመ። በ1913 የቼኩ ሐኪም ቪሌም ላውፍበርገር፣ በ1920 ደግሞ እንግሊዛዊው ጁልያን ሃክስሊ፣ የታይሮይድ ዕጢ በመመገብ ለውጡን አመጡት። የእንስሳው ልጅነት የሆርሞን ጉዳይ መሆኑ በዚህ ታወቀ።

የንክሻው ዋጋ

ሳይንስ አክሶሎትልን የወደደበት ሁለተኛው ምክንያት የተቆረጠ አካሉን ዳግም ማብቀሉ ነው። ገና በ1860ዎቹ በፓሪስ ፊሊፖ የተባለ ተመራማሪ የአክሶሎትል እጅና እግር ተቆርጦ እንደሚበቅል በሙከራ አሳይቷል። ከዚያ ወዲህ እጁን፣ ጅራቱን፣ የልቡንና የኅብለ ሰረሰሩን ክፍል ሳይቀር እንደሚጠግን ተረጋገጠ። ይህ ዝና ከቤተ ሙከራ ወጥቶ ወደ አርቢዎች ቤት ሲደርስ ግን መልኩን ለወጠ። «ቢነካከሱም ግድ የለም፤ መልሶ ያበቅለዋል» የሚል ማጽናኛ ሆነ።

ይህ ማጽናኛ ሲፈተሽ ምን ያህል እውነት እንደሆነ ያሳየን በ2014 የታተመ አንድ ጥናት ነው። ጥናቱ የተካሄደው በኬንታኪ ዩኒቨርሲቲ በሚገኘው ትልቁ የአክሶሎትል እርባታ ማዕከል ነው። በዚያ ማዕከል ግልገሎች በመጀመሪያ በኅብረት ያድጋሉ፤ ቀጥሎም ለየብቻ ይደረጋሉ። ተመራማሪዎቹ ከኅብረት ወደ ብቸኝነት በሚዛወሩበት ጊዜ ሲመረምሯቸው ከመቶው ሰማንያው የንክሻ ምልክት ነበረባቸው። ቀጥለው 717 ጎልማሶችን ተመለከቱ። ግማሽ ያህሉ ጣት የጎደለው፣ ጣት የተረፈው፣ ጣቶቹ የተጣበቁ ወይም ከማይገባ ስፍራ ጣት የበቀለበት ሆኖ ተገኘ። አፈጣጠራቸው ጎድሎ እንዳይሆን ደግሞ ጠማማውን እግር በሥርዓት ቆርጠው ሲያዩት ቀጥ ብሎ በቀለ። እንግዲህ ጉዳቱ የንክሻ ነው። ከዚህም በመነሣት፣ ከተነከሱት ግልገሎች አራት ደኅና እጅና እግር ይዘው የሚጎለምሱት ከመቶው 43 ብቻ እንደሚሆኑ ገመቱ።

ይህ ቁጥር ሊያስተምረን የሚገባው ብዙ ነው። የተመራማሪ ምላጭ ንጹሕ ቁስል ይተዋል፤ የወንድም አፍ ግን ይቀጠቅጣል፤ ይገነጥላል፤ ሳይድን ደግሞ ይመለስበታል። የአክሶሎትል ሥጋ ራሱን መጠገኑ እውነት ነው። ይሁን እንጂ የመጠገን ችሎታ ሌላ፣ አለመጎዳት ሌላ ነው። የመጀመሪያውን በማየት ሁለተኛውን ማሰብ ስሕተት ነው። ልብ በሉ፤ ስለ አክሶሎትል ከማንም ይበልጥ የሚያውቁት የማዕከሉ ሰዎች ግልገሎቹን ለየብቻ ይለያሉ፤ በጥናቱ ጊዜም ጎልማሶቹን ወንዶች ለየብቻ፣ ሴቶቹን ብቻ በኅብረት ያኖሩ ነበር።

የቅርብ ዘመዱ የሆነው ነብሬ ሳላማንደር ደግሞ ሌላ ነገር ያሳየናል። በአሪዞና የሚገኙ የዚህ ዓይነት እጮች ሲጨናነቁ አንዳንዶቹ ጭንቅላታቸው ሰፍቶ፣ ጥርሳቸው ረዝሞ፣ የገዛ ወገናቸውን ወደ መብላት ያዘነብላሉ። በ1993 የታተመ ጥናት እንዳመለከተው ይህ ለውጥ ከባዕዳን መካከል ባደጉት ላይ ከወንድማማቾች መካከል ካደጉት ይልቅ ይበዛል። ስለዚህ መነካከስን እንደ ክፉ ጠባይ ማየት አይገባንም። የቦታ፣ የምግብና የብዛት ውጤት ነው፤ ሦስቱንም የሚወስነው ደግሞ የገንዳው ባለቤት ነው።

የዘሩ ዋጋ

ሁለተኛው ዋጋ በዓይን አይታይም። በአገራችን ለጋብቻ የሚፈላለጉ ወገኖች እስከ ሰባት ቤት ዘር የሚቆጥሩበትን ምክንያት ሁላችንም እናውቃለን። ዱሜሪል ገንዳ ውስጥ ግን እናት አንዲት ብቻ ነበረች። የ1865 ልጆች ሁሉ የእርሷ ልጆች ናቸው። እነዚያ ልጆች፣ የልጅ ልጆቻቸውም፣ በአውሮፓ ከተሞች ተበትነው እርስ በርሳቸው ተዋለዱ። ዛሬ በቤተ ሙከራና በቤት የሚገኙት አክሶሎትሎች አብዛኞቹ የዘር ሐረጋቸው ወደዚያ ፓሪስ ገንዳ ይወጣል። በገበያ የሚፈለገው ነጭ ቆዳና ጥቁር ዓይንም እስከዚያ አንድ ነጭ ወንድ ድረስ ይቆጠራል። እንዲህ ያለው ድብቅ ጠባይ ገሃድ የሚወጣው ከሁለቱም ወላጆች ሲወረስ ነው፤ ዘመድ ከዘመድ ሲዋለድም ይበዛል። የሚገርመው፣ ግሬጎር ሜንዴል ይህንኑ የውርስ ሕግ በብርኖ ከተማ በንግግር ያቀረበው ዱሜሪል የመጀመሪያዎቹን እንቁላሎች ባየበት በዚያው በ1865 ነው።

በሃያኛው መቶ ዘመን ታላቁን የአሜሪካ እርባታ የመሠረተው ሩፉስ ሃምፍሪ ነው። በ1957 እንስሶቹን ይዞ ወደ ኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ሄደ፤ እርባታውም በ2005 ወደ ኬንታኪ ተዛወረ። ሃምፍሪ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ፍጹም ቀለም አልባ የሆነ ነብሬ ሳላማንደር አግኝቶ ከነጭ አክሶሎትል ጋር አዳቀለ። ዛሬ ወርቃማ እየተባለ የሚሸጠው አክሶሎትል የዚያ ድቀላ ዘር ነው። በ2017 የታተመ የዘረመል ጥናትም በቤተ ሙከራ አክሶሎትሎች ውስጥ የነብሬ ሳላማንደር ዘረመል መኖሩን አረጋግጧል። በ2018 የእንስሳው ጠቅላላ ዘረመል ሲነበብ 32 ቢሊዮን ፊደል፣ ማለትም የሰውን አሥር እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኘ። መጽሐፉ ሰፊ ነው፤ ነገር ግን በየገንዳው የተገኙት ቅጂዎች ከጥቂት እጆች የተገለበጡ ናቸው።

ወንድና ሴት አክሶሎትል በአንድ ገንዳ የሚያኖር ሰው ይህን ታሪክ በትንሹ ይደግመዋል። ሁለቱ ከአንድ ሻጭ ከተገዙ እኅትና ወንድም ሊሆኑ ይችላሉ። ሴቷ በአንድ ጊዜ ከመቶ እስከ ሺህ የሚደርሱ እንቁላሎች ትጥላለች፤ ከወንዱ ጋር በቆየች ቁጥርም ሳታገግም ደግማ ልትጥል ትችላለች። ይህ ሰውነቷን ያደክማል። ባለቤቱም በጥቂት ሳምንት ውስጥ መኖሪያ የሌላቸው፣ ዘራቸው ያልታወቀ፣ ሲያድጉ እርስ በርስ የሚነካከሱ በመቶ የሚቆጠሩ ግልገሎች ይታቀፋል።

በሐይቁ የቀረው

«በገንዳ የሚኖሩት ብዙ ከሆኑ የዘሩ መጥፋት ለምን ያሳስበናል?» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። መልሱ በሾቺሚልኮ ነው። በ1998 በተደረገው ቆጠራ በአንድ ስኩዌር ኪሎ ሜትር 6,000 አክሶሎትል ነበረ። በ2003 ቁጥሩ 1,000፣ በ2008 ደግሞ 100 ሆነ። በ2014 ወደ 36 ወረደ። የቻልኮ ሐይቅ ደርቋል፤ ሾቺሚልኮም ቦዮች ብቻ ቀርተውታል። የሜክሲኮ ከተማ ቆሻሻ ውኃ፣ እንዲሁም ለምግብ ተብለው የተለቀቁት ካርፕና ቆሮሶ የቀረውን አጠፉት። ቆሮሶን እኛ ከባቱና ከሐዋሳ ሐይቅ በማዕዳችን እናውቀዋለን። ከአፍሪካ ተወስዶ በማያውቀው ውኃ ሲለቀቅ ግን የአክሶሎትል እንቁላልና ግልገል ጠላት ሆነ።

የገንዳ አክሶሎትል በብዛቱ ይህን ክፍተት አይሞላም። ዘሩ ጠቧል፤ ከሌላ ዝርያ ጋር ተቀላቅሏል፤ የገንዳ በሽታም ሊያዛምት ይችላል። ስለዚህ የሜክሲኮ ብሔራዊ ራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከገበሬዎች ጋር በመሆን በቺናምፓዎቹ መካከል ቦዮችን እየከለሉ፣ ዓሣዎቹ እንዳይገቡ በማጣሪያ እየዘጉ፣ ለአክሶሎትል መጠለያ ያዘጋጃሉ። ከ2021 ጀምሮ ምስሉ በ50 ፔሶ ብር ላይ ታትሟል። ምስሉ በየኪሱ ይዞራል፤ እንስሳው ግን በቦዩ ውስጥ ብርቅ ሆኗል።

ለገንዳው ባለቤት

አሁን ወደ መነሻችን ጥያቄ እንመለስ። ታሪኩ የሚሰጠው መልስ «አይቻልም» የሚል አይደለም፤ «ለማን ተብሎ?» የሚል ነው። «ለብቻ የበላ ለብቻው ይሞታል» እየተባልን ያደግን ሰዎች አንድ እንስሳ ብቻውን ገንዳ ውስጥ ተቀምጦ ስናይ እናዝናለን፤ ጓደኛ ልናመጣለትም እንሻለን። ሐዘናችን መልካም ነው፤ ነገር ግን የእኛ ነው። አክሶሎትል የጓደኛ ናፍቆት እንዳለው የሚያሳይ ምልክት በተፈጥሮ ኑሮው አናገኝም። ንጹሕና ቀዝቃዛ ውኃ፣ መደበቂያና በቂ ምግብ ያገኘ አንድ አክሶሎትል የጎደለበት ነገር የለም። እንዲህ ሆኖ አሥር ዓመትና ከዚያም በላይ ሊኖር ይችላል።

ከአንድ በላይ ለማኖር የወሰነ ሰው ግን የ160 ዓመቱን ትምህርት ይከተል። የሚያኖራቸው የጎለመሱና በመጠን እኩል የሆኑትን ይሁን፤ ትንሹ ከትልቁ ጋር ሲቀመጥ በአፉ ፊት የቀረበ ጉርሻ ነውና። ወንድን ከወንድ፣ ሴትን ከሴት ያድርግ፤ ጾታቸው እስኪለይ ድረስም ለየብቻ ያቆያቸው። ለእያንዳንዱ በቂ ወለልና የራሱ መደበቂያ ይስጥ። የውኃው ሙቀት ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ሴልሺየስ ይሁን፤ እንስሳቱ በበዙ ቁጥር ቆሻሻቸው ስለሚበዛ ውኃውን አዘውትሮ ይለውጥ። ሲመግብም ለእያንዳንዱ በየፊናው ይስጥ፤ ብዙው ንክሻ የሚደርሰው አንዱን ምግብ ሁለቱ ሲሻሙ ነው። ዓሣ አብሮ አያስገባ። ዘራቸውን የማያውቃቸው ሁለት እንስሳት እንቁላል ቢጥሉ ከመፈልፈላቸው በፊት ያስወግድ። ከሁሉ በላይ ሁለተኛ ባዶ ገንዳ ምንጊዜም ይኑረው፤ የተነከሰውን የሚለይበት ስፍራ የሌለው ሰው ሁለት ለማኖር አልተዘጋጀም።

ክቡራንና ክቡራት፣

የታሪክ ጥናት ብዙ ጊዜ የሰዎችን አብሮ መኖር ይመረምራል። ዛሬ ግን ያለ ፈቃዱ አብሮ እንዲኖር ስለተደረገ ፍጥረት ተነጋገርን። ስድስት እንስሳት በአንድ ገንዳ መቀመጣቸው ለሳይንስ ታላቅ በር ከፈተ፤ ይህን መካድ አይገባም። የአካል ለውጥን፣ ሆርሞንን፣ የአካልን ዳግም መብቀል በእነርሱ አማካይነት ተማርን። የተማርነው ግን እነርሱ በከፈሉት ነው፤ በጎበጠው ጣታቸውና በጠበበው ዘራቸው ተጽፎ ይገኛል። ቁስሉ ይድናልና ማቁሰል ይፈቀዳል የሚለው አስተሳሰብ በገንዳም ሆነ ከገንዳ ውጭ አደገኛ ነው። አክሶሎትል ብዙ ነገር መልሶ ያበቅላል፤ የትውልድ ሐይቁን ግን ማብቀል አይችልም። ያ የእኛ ሥራ ነው።